ጣና ዳር፣ ከታገሥ ጋር

አክስቴ የውሻዋን ገመድ ስታቀብለኝ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው። «ጉማሬ ካለበት እንዳታስጠጋው። አርጃኖ ካየ አይመለስልህም። የዓሳ ጭንቅላት ደግሞ እንዳታስነካው፣ አደራ» አለችኝ። ስለ እኔ ምንም አላለችም።

ጊዜው 2011 ጥር ነው። ጥምቀት ካለፈ ሳምንት ሆኖታል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ድረስ የመጣሁት ወፍ ለማየት ነበር። ይህን ለአክስቴ ማስረዳት ከባድ ነው። «ወፍማ እዚሁ ግቢ ሞልቶ የለ?» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «ሰው በጨለማ ብቻውን ውሃ ዳር ሲዞር ምን ይባላል? ውሻውን ያዝ። ቢያንስ ውሻ የምታንሸራሽር ትመስላለህ።» ባሕር ዳር ላይ ውሻ የሚያንሸራሽር ሰውም ብርቅ መሆኑን ልነግራት ፈልጌ ተውኩት።

ውሻው ታገሥ ይባላል። ቡላ ነው፤ አንድ ጆሮው ቆሞ አንዱ ታጥፎ የቀረ። ስሙ የወጣው ለእሱ ተብሎ አይደለም። አክስቴ ያኔ ከጎረቤቷ ጋር በአጥር ተጣልታ ነበር። የድሮ ሰው ለጠላቱ የሚለውን በውሻው ስም ይናገር የለ? እሷም ጠዋት ማታ አጥሩ ሥር ቆማ «ታገሥ! ኧረ ታገሥ!» ትል ነበር። ጎረቤትየው በኋላ ቤቱን ሸጦ ሄደ። ስሙ ግን ውሻው ላይ ቀረ።

የጊዮርጊስ ቅዳሴ በድምፅ ማጉያው እየተሰማ ወደ ሐይቁ ወረድን። ጥር ላይ ባሕር ዳር ጠዋት ይበርዳል። ቀን በቲሸርት የሚዞር ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ መሆኑን የሚያስታውሰኝ ይኼ ሰዓት ነው። ከውሃው ላይ ጉም ይነሳል። ጉሙ ውስጥ የሆነ ነገር ይንጫጫል፤ ምን እንደሆነ ግን አይታይም።

ዋርካው ላይ ግን ይታያል። ያ ጥቁርና ነጭ ወፍ፣ ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የደረበ የሚመስለው፣ ከነሚስቱ ፍሬ ይለቅማል። ሲበር ክንፉ ድምፅ አለው፤ አሮጌ ባቡር ቁልቁለት የሚወርድ ነው የሚመስለው። ታገሥ የመጀመሪያውን ጩኸት የጮኸው በእሱ ላይ ነው። «ታገሥ!» ብዬ ገመዱን ሳብኩ። መንገድ ዳር ባጃጁን የሚወለውለው ልጅ ቀና ብሎ፣ «እየታገስኩ ነው ጌታው፣ ምን ላድርግ?» አለኝ።

ስለ ክረምት ትንሽ ልበል። የወፍ መጻሕፍት «የክረምት እንግዶች» ሲሉ እኛ ግራ ይገባናል። የእኛ ክረምት ሰኔና ሐምሌ ነው፤ ጭቃ፣ ጉም፣ የሞላ ወንዝ። የእነሱ ክረምት ታኅሣሥና ጥር ነው፤ እኛ ዘንድ ጠራራ በጋ። ሩሲያና ሰሜን አውሮፓ ረግረጉ በረዶ ሲሠራ ወፎቹ ይነሳሉ። እዚህ ሲደርሱ ደግሞ በክረምቱ ሞልቶ የነበረው ጣና መሸሽ ጀምሯል። ውሃው በሸሸ ቁጥር ጭቃው ይገለጣል፤ ጭቃው ውስጥ ትሉ አለ፣ ቀንድ አውጣው አለ። የእኛ ክረምት ደግሶ ይሄዳል፣ የእነሱ ክረምት እንግዳውን ይልካል። ከላሞች እግር ሥር ጭራዋን እየነቀነቀች ዝንብ የምትለቅመው ቢጫ ወፍም አንዷ እንግዳ ናት። እረኛው ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚያያት ያገሩ ልጅ ናት ብሎ ነው የሚያስበው። ግማሽ ዓመቷን እዚህ የምታሳልፍ ከሆነ እሱም አልተሳሳተም።

ፀሐይ ስትወጣ አንድ ደረቅ ግንድ አጠገብ ቆምን። የቆምነው እኔ ፈልጌ አይደለም። ታገሥ ግንዱን አሽትቶ አልጨረሰም። እኔ ስሄድ ፈጣን ነኝ፤ አንድ ወፍ አይቼ፣ ስሙን ጽፌ፣ ወደሚቀጥለው። እሱ ግን አንድ ግንድ ላይ አምስት ደቂቃ ይቆያል። ገመዱ እጄ ላይ ስለሆነ እኔም እቆያለሁ። እዚያ ቆሜ ነው ጥቁርና ነጩን ዓሳ አጥማጅ ወፍ በደንብ ያየሁት። ከእኛ ስምንት እርምጃ ያህል ይርቃል። ከውሃው በላይ ክንፉን እያርገበገበ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ይላል። አካሉ ይናወጣል፣ ጭንቅላቱ ግን አይነቃነቅም፤ በምስማር የተመታ ነው የሚመስለው። ከዚያ ዝርግፍ። ጣት የምታህል ዓሳ ይዞ ወጣና ግንዱ ጫፍ ላይ አረፈ። ቀኝ ግራ፣ ቀኝ ግራ አድርጎ እንጨቱ ላይ ቀጠቀጣት፤ ልብስ የሚያጥብ ሰው ድንጋይ ላይ እንደሚያደርገው። በጭንቅላቷ በኩል አዙሮ ዋጣት። ታገሥ ይኼን ሁሉ አላየም። ግንዱ ላይ ነበር።

ፔሊካኖቹ ዓሳ አጥማጆቹ ጀልባቸውን በሚያስጠጉበት ዳርቻ ላይ ናቸው፤ ወረፋ የሚጠብቁ ሽማግሌዎች ይመስላሉ። ሰዎቹ ቀረሶውንና አምባዛውን እየሰነጠቁ የሆድ ዕቃውን ይወረውራሉ። ፔሊካኑ ያን ኮዳ የመሰለ ጉሮሮውን ከፍቶ ይቀበላል። ጭልፊቱ ደግሞ ከላይ ወርዶ ከአየር ላይ ይነጥቃል። እዚህ ውሻ ይዞ መቆም ፈተና ነው። የአክስቴን አደራ አስታውሼ ታገሥን አቅፌ አሳለፍኩት። ሃያ ኪሎ ይሆናል። ሕፃናት «ያበደ ውሻ! ያበደ ውሻ!» እያሉ ሸሹን፤ ከዚያ ተከተሉን።

በሁለተኛው ቀን ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ሄድን። ደንገሉ እዚያ ከሰው በላይ ነው። በመካከሉ እንደ ዋሻ የተከፈተ መንገድ አየሁና ደስ አለኝ፤ ጥሩ መግቢያ መሰለኝ። ታገሥ ግን እግሩን ተከለ። ጀርባው ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። ገመዱን ስጎትት አልንቀሳቀስ አለ። በታንኳ የሚያልፍ ሽማግሌ መቅዘፉን ትቶ፣ «ወዲያ ውጣ ጌታው! እሱ የሰው መንገድ አይደለም» አለኝ። የጉማሬ መንገድ ነበር። ማታ ማታ ወጥቶ ሣር የሚግጥበት፣ ሲነጋ ወደ ውሃው የሚመለስበት። ጉማሬ ከውሃው መሐል ሲያዛጋ የሚያስቅ እንስሳ ነው። በእሱና በውሃው መካከል መቆም ግን ሌላ ነገር ነው። ሰዓቴን አየሁ፤ ገና ሲነጋጋ ነበር።

እዚያው አካባቢ ፀሐይ ስትሞቅ ያደረግኩት ስህተት ደግሞ የራሴ ነው። ለግማሽ ሰዓት ያህል አንድ ስብስብ ዳክዬ ስጠባበቅ ነበር፤ ዓይኑ ላይ ነጭ ቅንድብ የተሳለለት፣ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጣው ዓይነት። ባይናኩላሩን ለማስተካከል ገመዱን ጉልበቴ ሥር አደረግኩት። አርጃኖው ከድንጋዩ ላይ ተነሳ። ታገሥ ተነሳ። ይብራው፣ ሳቢሳው፣ የኔ ዳክዬዎች፣ ሁሉም ተነሱ። አርጃኖው ውሃ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ታገሥ እስከ ሆዱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ወደ እኔ ዞረ፣ በጣም ደስተኛ ነው። እሱን ለማውጣት ስገባ አንድ ጫማዬ እዚያው ቀረ። ከዚያ ቀን በኋላ ገመዱን እጄ ላይ ሁለት ዙር ነው የማስረው።

ወደ ጭምባ የሄድነው በአራተኛው ቀን ነው። ሦስት ባጃጅ ውሻ አንጭንም አሉ። በመጨረሻ አንድ የማውቀው ልጅ በአሮጌ ፒክአፕ ወሰደን፤ ታገሥ ከኋላ፣ ጆሮው በነፋስ። ጭምባ ግልገል ዓባይ ወደ ጣና በሚገባበት አካባቢ ያለ ረግረግ ነው። የመጣሁት ክሬን ለሚባሉት እግረ ረጃጅም ወፎች ነው። በጣና ዙሪያ በበጋ የሚያርፉት በአስር ሺዎች ይቆጠራሉ። መከታተያ መሣሪያ ታስሮላቸው ከፊንላንድና ከኢስቶኒያ ተነስተው ኢትዮጵያ የገቡ አሉ። ቀን ቀን በታጨደው ጤፍና በሽምብራው ማሳ ይሰማራሉ፤ ማታ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፣ ጅብና ቀበሮ እንዳይደርስባቸው።

ማሳው ዳር አንድ አባት ተቀምጠዋል። «እንዴት ዋሉ አባቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ውሻውን ያመጣኸው ልታባርርልን ነው?» ፊታቸው በርቷል።

«አይ፣ እኔ እንኳ ለማየት ነው የመጣሁት።»

«ለማየት!» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሰማህ? ለማየት ነው።» ልጁ ወንጭፉን ይዞ ሳቀ። «ከወዴት ነው የሚመጡት እነዚህ?»

«ከሩሲያ፣ ከፊንላንድ። ከዚያ ወዲያ የሰው አገር የለም ማለት ይቻላል።»

ዝም አሉ። «ይኼን ሁሉ መንገድ ለእኔ ሽምብራ?» አሉ ቆይተው። «መቼም ሩቅ አገር የመጣ እንግዳ አይባረርም።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ሂድ፣ በዚያ በታችኛው በኩል አስነሳቸው፣ ቡቃያው ላይ ናቸው» አሉት።

ፀሐይ ስትጠልቅ ድምፁ ቀድሞ መጣ። ከሩቅ ሲሰማ እምቢልታ ነው፤ ብዙ እምቢልታ፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው የሚቀበለው። ቀጥሎ ሰማዩ ላይ መስመሮች ታዩ። እስከ ስድስት መቶ ቆጥሬ ተውኩት። እግራቸውን አንዠርግገው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ አየሩን እየያዙ ይወርዳሉ። ቅርብ ያረፉት ሦስት ናቸው፤ እናት፣ አባትና ልጅ። የልጁ ራስ ገና ቡናማ ነው፣ እንደ ወላጆቹ ጥቁርና ነጭ አልሆነም። ወላጆቹ እምቢልታ ሲነፉ እሱ «ፊው፣ ፊው» ይላል። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ መጥቶ ድምፁ ገና የጫጩት ነው። ታገሥ ተቀምጧል። ገመዱ በእጄ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን አልጮኸም። ጮኾ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ወፍ በጨለማ ተነስቶ ሌላ ማደሪያ ፍለጋ ይዞር ነበር። ለምን ዝም እንዳለ አላውቅም። በፍርሃት ይመስለኛል።

አክስቴ ቤት የደረስነው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። በሩን ከፍታ «እሺ፣ ምን አየህ?» አለችኝ። ልጀምርላት ስል አፍንጫዋን ያዘች።

«ዓሳ አስነክተኸዋል!»

አላስነካሁትም። ፒክአፑ ጠዋት ዓሳ ጭኖ እንደነበር የነገረኝ የለም፤ ታገሥ ደግሞ መንገዱን በሙሉ እዚያ ላይ ሲንከባለል ነው የመጣው። ባልዲና ሳሙና ይዛ ወጣች። እሱ ወደ አጥሩ ሥር ሸሸ። «ታገሥ!» ብላ ጮኸች። «ታገሥ ብዬሃለሁ!»

አዲሱ ጎረቤት በአጥሩ በላይ ብቅ አለ። «እኔን ነው እትዬ?»