ግሪንደሩና ማዳመጫው

ዛሬ ኮምቦልቻ፣ የባጃጄ ጭስ ማውጫ ተሰንጥቆብኝ ብየዳ ቤት ቁጭ ብያለሁ። ጆሮዬ ላይ ናይን ኢንች ኔይልስ የተባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው «ይር ዚሮ» አልበሙ። በያጁ ልጅ ግሪንደሩን አጥፍቶ መጣና «እስቲ አሰማኝ» አለኝ። አንዱን ማዳመጫ ሰጠሁት። ትንሽ ሰማና ሳቀ።

«አቦ ወንድሜ፣ ይሄንን እኔ ጋ ቀኑን ሙሉ በነፃ ትሰማው አልነበር!»

እኔም ሳቅኩ። ግን አይኔ እጁ ላይ ቀረ። አፉ እያላገጠ እጁ በያዘው መፍቻ ጠረጴዛውን ቀስ እያደረገ ይመታል፣ አንድም ምት ሳይስት፣ እሱ ራሱ ሳያውቀው።

የባንዱ መሪ ትሬንት ሬዝነር እ.ኤ.አ. በ1989 የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ዘፈኑ በአብዛኛው ስለ ራሱ ቁስል ነበር። በ«ይር ዚሮ» ግን ብዙውን ድምፅ ኮንሰርት ለኮንሰርት ሲዞር በላፕቶፕ ሠራው፤ ግጥሙንም ከራሱ አውጥቶ ወደ ጦርነትና ሕዝቡን ወደሚሰልል መንግሥት ወሰደው። ለእኔ ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው። ባቲና አምባሰል በአገራችን ስም የተጠሩ ቅኝቶች ናቸው ብለን የምንኮራ ወሎዬዎች ግን «ይሄማ ጩኸት ነው» ለማለት አንቸኩልም ትላላችሁ? አባቴ ፊት ከፍቼው አላውቅም።

ሂሳብ ስከፍል የባንዱን ስም ጠየቀኝ። ዘጠኝ ኢንች ምስማር ማለት ነው አልኩት።

«እሱን እንኳ እኛ ጋ አታገኘውም» አለኝ።