ጉድጓድ ውስጥ የተገኘ ሁሉ አምልኮ ነው እንዴ?

ሰሞኑን ማታ ማታ የማነበው ስለ ጉድጓድ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ መቼስ ከብርድ ልብስ ውስጥ አያስወጣም። ሰው ፊልም ያያል፣ እኔ የጥንት ሰዎች መሬት ውስጥ ምን እንደቀበሩ አነባለሁ።

ደቡብ እንግሊዝ፣ ሃምፕሸር ውስጥ ዴንበሪ የሚባል ቦታ አለ። በአፈር ካብና በቦይ የታጠረ፣ የብረት ዘመን (ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የሆነው) የኮረብታ መንደር ነው። ባሪ ከንሊፍ የሚባሉት አርኪዮሎጂስት እንደ ፈረንጆቹ ከ1969 እስከ 1988 ቆፈሩት። በሺዎች የሚቆጠሩ ጉድጓዶች ወጡ፣ ብዙዎቹ የእህል ጉድጓድ የነበሩ። ሰውን እስካሁን የሚያጨቃጭቀው ግን እህሉ ካለቀ በኋላ የገባባቸው ነገር ነው። ሙሉ ፈረስ፣ ውሻ፣ ቁራ፣ የከብት ራስ፣ የወፍጮ ድንጋይ። አንዳንዱ ውስጥ ደግሞ ሰው፤ ሙሉ ሰውም አለ፣ የራስ ቅል ብቻም አለ።

የከንሊፍ ሐሳብ ደስ ይላል። ዘሩ መሬት ውስጥ ከርሞ በደህና ሲወጣ፣ ከመሬት በታች ሆኖ ለጠበቀላቸው ኃይል ምስጋና ሰጡ ነው የሚሉት። ስለት ማግባት በሉት።

የእህል ጉድጓድ ለኛ ሰው አዲስ አይደለም። አያቴ ከሸዋ ሮቢት ወረድ ብሎ ቆላው ላይ ማሽላቸውን የሚከቱት ጉድጓድ ውስጥ ነበር። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ። በድንጋይ ይከደንና በጭቃ ይመረጋል። ዳር ዳሩ ላይ ያለው እህል እርጥበት አግኝቶ ትንሽ ያቆጠቁጣል፣ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፣ ውስጡ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ ነቀዙም አይኖር፣ የቀረው እህልም አይበቅል። እንግሊዞቹ ይህን በሙከራ እርሻ ላይ ጉድጓድ እየቆፈሩ፣ እህል እየቀበሩ ነው ያረጋገጡት። አያቴ «ትንፋሹ ሳይወጣ እንዳትገባ!» ብለው ይጨርሱታል። ጉድጓዱ በተከፈተ ቀን ሕፃን አጠገቡ አይደርስም ነበር፤ ዘሎ የገባ ይሞታላ።

ያ ጉድጓድ ውሃ ሰርጎበት ከተተወ በኋላ ምን ገባበት? አመድ። የተሰበረ ምጣድ። ያለቀ መጅ። የሞተ ውሻም ገብቶበታል፣ ጅብ እንዳይጎትተው ተብሎ ሙሉውን ወርዶ ድንጋይ ተጭኖበት። እንግዲህ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ አንዱ መጥቶ ቢቆፍረው የሚያየው ውሻ፣ በላዩ ላይ ድንጋይ፣ ከጎኑ መጅ ነው። «የአምልኮ ሥርዓት» ብሎ እንደሚጽፍ አልጠራጠርም።

ከዚህ ተነስቶ «ሁሉም ቆሻሻ ነው» የሚለው ደግሞ አይዋጥልኝም። የኛ ሰው ደንቃራ ይቀብር የለም? እንግዴ ልጅስ እንዲሁ ሜዳ ላይ ይጣላል?

በቅርቡ እዚሁ ሰፈር ለአጥር መሠረት ሲቆፈር አፉ የተከደነ ትንሽ ማሰሮ ወጣ። ውስጡ አመድ የመሰለ አፈር፣ የዶሮ አጥንት፣ ዝገት የበላው ካራ። ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ጥለው ቆሙ። አንዱ «ደንቃራ ነው» አለ፣ ሌላው ጠበል ሳይረጭ አልነካም ብሎ ድርቅ አለ። ሁሉም የሚያወራው ስለ ካራው ነው። አንዲት እናት ብቻ ማሰሮውን ትተው ግራ ቀኙን አዩና «ኧረ ልጆቼ፣ ደንቃራ ሰው በሚረግጠው በር ላይ ይቀበራል እንጂ ጓሮ ጥግ ምን ይሠራል?» አሉ።

ጎበዝ አርኪዮሎጂስትም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ዕቃው ምንድን ነው ከማለቱ በፊት የት ነበር፣ ከምን ሥር፣ ከምን በላይ ይላል። አጥንቱ መገጣጠሚያው ሳይፈታ ከተገኘ ሥጋው ሳይበሰብስ ተቀብሯል። የውሻ ጥርስ ካረፈበት ደግሞ ሜዳ ላይ ቆይቶ ነበር። የአንድ ገንቦ ስባሪ ግማሹ ከጉድጓዱ ግርጌ፣ ግማሹ ከላይ ከወጣና ከተገጣጠመ፣ ጉድጓዱ በአንድ ሰሞን ሳይሞላ አልቀረም። ጄ. ዲ. ሂል የሚባሉ ተመራማሪ እንደ ፈረንጆቹ በ1995 የዴንበሪን ዓይነት ጉድጓዶች እንዲህ እያገላበጡ አይተው፣ ቆሻሻና አምልኮ ብሎ ለሁለት መክፈሉ የኛ የዛሬዎቹ ልማድ ነው ወደሚል ሐሳብ ደረሱ። እኔም ከሳቸው ጋር ነኝ። ያ የአያቴ ውሻ እኮ ቆሻሻ አልነበረም፣ አምላክም አልነበረም።

እዚሁ መንዝ የተቆፈሩት፣ አርኪዮሎጂስቶች «የሻይ ባህል» ብለው የሰየሙት የጥንት ሕዝብ መቃብሮች፣ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ያሉት፣ ከዚህ አንፃር ሲታዩ ቀላል ናቸው። ድንጋይ ተከምሮበታል፣ ሬሳ አለ፣ ከሬሳው ጋር ሸክላና የብርጭቆ ዶቃ አለ። ለሟች የተሰጠ ነው ቢባል የሚከራከር የለም። ነገሩ የሚከብደው ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ ሲሆን ነው።

ቱርክ ያለው ቻታልሆዩክ የሚባለው የጥንት መንደር እንደዚያ ነው። የዛሬ 9,000 ዓመት ገደማ ሰዎቹ ሬሳቸውን ቤታቸው ውስጥ፣ የሚተኙበት መደብ ሥር ይቀብሩ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ2004 አንዲት ሴት በኖራ ተለስኖ ቀይ የተቀባ የራስ ቅል ደረቷ ላይ አቅፋ ተገኘች። ይህን ቆሻሻ ነው የሚል የለም። ግን «አምልኮ» ብሎ ማለፍም ስንፍና ይመስለኛል። የባሏ ይሆን? የአባቷ? ከሷ በፊት ማን ጋር ነበር? ዴንበሪን ጨርሻለሁ፣ ከነገ ጀምሮ እዚህኛው ላይ ነኝ።