ብርቱካንማ ቅዳሜ

ዛሬ ፒያሳ ፀጉር ቤታችን ውስጥ የዋልነው ቤት ተሞክሮ ብርቱካን የሆነ ሃይላይት (ዘለላ ዘለላ የነጣ ፀጉር) ስናስተካክል ነው። ጥፋቱ ተመሳሳይ ነው፦ ብሊቹን (ፀጉር ማንጫውን) ከሥሩ መጀመር። የጭንቅላት ሙቀት ሥሩን ያፈጥነዋል፤ ጫፉ ገና ቡናማ እያለ ሥሩ ቦግ ይላል። ሁለት ጣት ያህል ከቆዳው ራቁና መሃሉንና ጫፉን ቀቡ፤ ሥሩ መጨረሻ ላይ ይደርሳል።

ጥቁር ፀጉር ሲነጣ መጀመሪያ ቀይ፣ ቀጥሎ ብርቱካንማ፣ ከዚያ ቢጫ ይሆናል። ብርቱካኑን የሚያጠፋው ሰማያዊ ቶነር (ከነጣ በኋላ ቀለሙን የሚያስተካክለው) ነው። ሁሉም የሚገዛው ሐምራዊ ሻምፑ ለቢጫ ነው፤ ብራችሁን አታባክኑ።

ዴቨሎፐር (ከብሊቹ ጋር የሚቀላቀለው ፐርኦክሳይድ) 20 ቮልዩም (6 በመቶ) ይበቃል። «40 ይፈጥናል» ብሎ የቀባ ሰው ፀጉሩ ሲታጠብ እንደ ማስቲካ ሊለጠጥና ሊበጠስ ይችላል።

ሽበት መሸፈን ወይም ማጥቆር ግን ቤት ይቻላል። ቀለሙን 48 ሰዓት ቀድማችሁ ከጆሮ ጀርባ ሞክሩት፣ ግንባር ዳር ቫዝሊን ቀቡ፣ የፕላስቲክ ሳህን ተጠቀሙ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ጀሪካን ሙሉ፤ ቀለም ተቀብቶ ውሃ አይጠበቅም!

ሪላክሰር (ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል) የነካው ፀጉር ላይ ብሊች? እሱን እኛም እምቢ እንላለን።