ቤት ፍለጋ በቀበና

ዛሬ ከደላላ ጋር ከአራት ኪሎ እስከ ፈረንሳይ ቤት ሳይ ዋልኩ። ቀበና ወንዝ ዳር ያየነው ቤት ክፍሎቹም ኪራዩም አሪፍ ናቸው፤ መስኮቱን ስከፍተው ግን ሽታው ሰነፈጠኝ። ደላላው "ክረምት ሲገባ ይጠፋል ወንድሜ" አለኝ። ክረምት ሲገባማ ጎርፉ አለ! ሌላኛው አስፋልት ዳር ነው። የመስኮቱን ደፍ በጣቴ ጠረግ ሳደርገው ጥቁር ጥላሸት፣ ያው የሚኒባስ ጭስ ነው መቼም፣ አስም ያለበት ልጅ ይዤ እዚያ አልገባም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ለደቃቅ ብናኝ ያስቀመጠው የዓመት አማካይ ጣሪያ በሜትር ኩብ 5 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ወደ እንጦጦ ጠጋ ሲባል አየሩ ቀለል ይላል፣ የታክሲ ሰልፉ ነው ችግሩ። ሽሮ ሜዳ በኩል፣ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ቤት የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።