ባርዶን ከምድር ቤት አትጀምሩ

ቱኒስ ሄዳችሁ የባርዶ ሙዚየምን የምታዩ ከሆነ «ግማሽ ቀን ይበቃል» የሚላችሁን አትስሙ። እኔን እንዲያ ያለኝ አስጎብኚ ነበር። አምኜው ምሳ በልቼ ገባሁ፤ የሄድኩለት ሞዛይክ (ከትናንሽ ባለቀለም ጠጠር የተገጣጠመ ምስል) ፊት የቆምኩት ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ነው።

መድረሱ አያስቸግርም። ከመሀል ከተማ 4 ቁጥር ትራም ይዞ ባርዶ ጣቢያ መውረድ፣ ወይም ቆጣሪ የሚያበራ ቢጫ ታክሲ መያዝ ነው። ሰኞ ዝግ ነው። የቱኒዚያ ዲናር ከአገሩ ውጭ ስለማይመነዘር አየር ማረፊያ ስትደርሱ መንዝሩ፤ ዝርዝር ገንዘብም ያዙ። ፓስፖርት አትርሱ፤ ሙዚየሙ የፓርላማው ጎረቤት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ጥቃት ደርሶበታል። በዚሁ ጉርብትና የተነሳ ፓርላማው ሲታገድ እሱም ከ2021 እስከ 2023 ተዘግቶ ከርሟል። ስለዚህ የአውሮፕላን ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ክፍት መሆኑን አጣሩ።

ችግሩ ያለው ከውስጥ ነው፤ የቅደም ተከተል ችግር። ምድር ቤት የፊንቃውያንና የጥንት ክርስቲያኖች ክፍሎች አሉ። ሁሉም ሰው ከዚያ ይጀምራል፣ እኔም ጀመርኩ። እያንዳንዱን የመቃብር ሞዛይክ፣ እያንዳንዱን ጽሑፍ ሳነብ ሁለት ሰዓት ሄደ። ሞዛይክ ደግሞ ዓይን ያደክማል፤ በሺህ የሚቆጠር ጠጠር እየለቀማችሁ ነው የምታዩት። ከአሥራ አምስተኛው በኋላ ሁሉም አንድ ይሆንባችኋል። ታላላቆቹ የሮማውያን ሥራዎች ያሉት ፎቅ ላይ ነው፣ ዓይናችሁ ትኩስ ሳለ ሊታዩ የሚገባቸውም እነሱ ናቸው። ስለዚህ ቲኬት እንደቆረጣችሁ ቀጥታ ደረጃውን ውጡ። ዘመን ተከትሎ ማየት ለተማሪ ይጠቅም ይሆናል፤ አንድ ቀን ብቻ ላለው ሰው ግን ኪሳራ ነው።

ሁለተኛው ስህተቴ እንደ ሥዕል ማየቴ ነው። እነዚህ ወለል ነበሩ። ሮማውያን ጋደም ብለው ስለሚበሉ የግብር ቤታቸው ወለል በሦስት ጎን አልጋ ይደረደርበት ነበር፤ አልጋው የሚያርፍበት ቦታ ተራ ሐረግና መስመር ነው፣ ዋናው ምስል መሀል ላይ ይቀመጣል። ጠርዙ ላይ ያለውን ተራ ሐረግ ያየ ሰው «እዚህ ላይ ሰንፈው ነው» ይላል፤ እኔም ብያለሁ። ስንፍና ሳይሆን አልጋ የሚሸፍነው ቦታ ስለሆነ ነው። ምስሎቹም አንዳንዴ በየአቅጣጫው ለተቀመጠ እንግዳ የተሠሩ በመሆናቸው ግድግዳ ላይ ሲሰቀሉ ግማሹ ተዘቅዝቆ ይታያል። አንገታችሁን አዙሩ፤ ማንም አይስቅባችሁም።

መጀመሪያ አራት ሜትር ያህል ራቁ፣ ከዚያ ጥበቃው እስከሚፈቅደው ድረስ ቅረቡ። ከሩቅ የሰው ፊት የሚመስለው ሲቀርቡት ሮዝ፣ ቡኒና አረንጓዴ ጠጠር ነው፤ ፊትና እጅ ላይ ያሉት ጠጠሮች ከጀርባው ይልቅ በመጠን ያነሱ ናቸው። የሠሪው ልክ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። ዱጋ ከተባለው የጥንት የሮማውያን ከተማ ፍርስራሽ በመጣው ሞዛይክ ላይ የግሪክ ተረት ጀግናው ኡሊሴስ እጁ ከመርከቡ ምሰሶ ጋር ታስሮ፣ በዘፈናቸው መርከበኛ ወደሚያጠፉት ሴይሬኖች ያያል፤ መርከበኞቹ ግን ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረዋል። ሴይሬኖቹ ሦስት ናቸው፣ እግራቸው የወፍ ነው። ከካርቴጅ የመጣው የጌታ ዩልዩስ ሞዛይክ ላይ ደግሞ ከታች በግራ በኩል እመቤቲቱ ዓምድ ተደግፋ ቆማለች፤ ገረዷ ከሳጥን ያወጣችውን ሐብል ታቀብላታለች። በቀኝ ጌታው ተቀምጦ በስሙ የተላከ ጥቅልል ይቀበላል። የአንድ ባለርስት ዓመት በሙሉ፣ ከወይራ ማርገፍ እስከ ወይን ለቀማ፣ እዚያ ላይ አለ። ለዚህ ብቻ ግማሽ ሰዓት ስጡ። ሮማዊው ባለቅኔ ቨርጂል ተቀምጦ የሚታይበት፣ ሱስ ከተባለችው ከተማ የመጣው ሞዛይክ በሁሉም አቅጣጫ 1.22 ሜትር ብቻ ስለሆነ ተሰልፋችሁ ማየት ሊኖርባችሁ ይችላል፤ ሰው ሲበዛ እለፉና ተመለሱ።

ፎቶ፦ ፍላሽ አታብሩ፤ የተወለወለው ድንጋይ መልሶ ስለሚያንፀባርቅ መሀሉ ነጭ ይሆናል። ስልኩን ወደ ላይ አንጋጣችሁ አታንሱ፣ ምስሉ ከላይ ይጠባል። ወደ ኋላ ራቁና በሁለት እጥፍ ዙም፣ ስልኩን ከግድግዳው ጋር ትይዩ አድርጋችሁ አንሱ። ይህን ያወቅኩት ሆቴል ገብቼ ሰማንያ ጠማማ ፎቶ ካየሁ በኋላ ነው።

ምድር ቤቱን በመጨረሻ እዩት፤ አትዝለሉት ግን። ከቀሊቢያ ከተማ አካባቢ፣ ደምና ከተባለ ቦታ የመጣው የጥምቀት ገንዳ ለእኛ ሰው የተለየ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ ተጠማቂው ወርዶ የሚገባበት፣ ውስጡም ጠርዙም በሞዛይክ የተለበጠ ገንዳ ነው፦ ዓሣ፣ ሻማ፣ የኖኅ መርከብ፣ ርግብ። ያሠሩት ባልና ሚስት አኩዊኒዩስና ዩሊያና ስማቸውን አስጽፈውበታል። ቤተ ክርስቲያናችን ምንጣፍ ላይ «መታሰቢያ ከእነ እገሌ» ተብሎ የሚጻፈውን አስታወሰኝ።

ጊዜ ካላችሁ ዱጋ ከቱኒስ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከባርዶ በኋላ እንጂ በፊት አትሂዱ። ኡሊሴስ የተነሳበት ቤት እዚያ ቆሟል፤ ባዶውን ወለል እያያችሁ ስልካችሁን ታወጣላችሁ። የእኔ ፎቶ ጠማማ ነበር።