ጭራ ብቻውን ሾርት አያደርግም

ድሬዳዋ ላይ ኤሲ የሚጠግን ሰው ከእንሽላሊት ጋር ተስማምቶ መኖር አለበት። ማታ መብራት የሰበሰበውን ትንኝ ሲለቅሙ ያመሹና አውትዶሩ፣ ማለትም ውጭ የሚሰቀለው የኤሲው ክፍል ውስጥ ይገባሉ። የኤሌክትሪክ ሰሌዳው ላይ፣ እኛ ካርድ የምንለው ላይ ይወጣሉ። ሾርት። ዋራንቲያችን ደግሞ «በእንስሳት መግባት የደረሰ ጉዳት» አይሸፍንም። ይህቺን አንቀጽ ደንበኛ አያነባትም። እኔ በቃሌ ነው የምወጣት።

አንድ ቀን ኤሲ ልጠግን የሄድኩበት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ግን አንብበዋታል።

አውትዶሩን ስከፍተው ካርዱ ላይ ያለው የሪሌው (የማብሪያ ማጥፊያው) እግር ከስሏል። እላዩ ላይ የደረቀ ጭራ ተጋድሟል። ጭራ ብቻ። ለእኔ ነገሩ አለቀ። ፎርሙ ላይ «እንሽላሊት» ብዬ ጻፍኩና እንዲፈርሙ ሰጠኋቸው።

«እንሽላሊቱ የታለ?»

«ጭራው ይኸው፣ ጋሼ።»

«ጭራውንማ አየሁት። ባለቤቱን ነው የጠየቅኩህ።» በእስክሪብቷቸው ወደ ግድግዳው ጠቆሙ። አንድ ጭራው ጉቶ የሆነ እንሽላሊት ተለጥፎ ያየናል። «ያውልህ። ደህና ነው። ኤሌክትሪክ ይዞት ቢሆን እዚሁ ደርቆ ታገኘው ነበር።»

ለካ ሰውዬው ንብረት ክፍል ከመግባታቸው በፊት ባዮሎጂ ያስተምሩ ነበር። ይህን ማንም አልነገረኝም።

ጭራውን በወረቀት አንስተው ዓይናቸው ሥር አስጠጉት። «ሥሩን እይ፣ ሸካራ ነው። ከዚህ ወዲያ ግን ልሙጥ። ከዚህ በፊትም ጥሎ ያበቀለው ነው። የበቀለው ውስጥ ትክክለኛ አጥንት የለም፤ የሚተጣጠፍ ለስላሳ ነገር ነው።» ቀጠሉ። የመጀመሪያው ጭራ አጥንቶች ከተፈጥሯቸው መሰበሪያ መስመር አላቸው። ጡንቻው ሲጨመደድ እዚያ ላይ ይለያል፤ የደም ሥሩም ወዲያው ስለሚዘጋ ብዙ አይደማም። የበቀለው ግን መሰበሪያ የለውም። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ገላው ጠጋ ብሎ ነው የሚቆርጠው። «አርጃኖ ይሄን አይችልም። እስስትም አትችልም።» አቦ፣ ፀሐዩ አናቴን እየበሳው ነበር።

«ስቡን የሚያጠራቅምበት ጭራ ነው። ዝም ብሎ አይጥለውም። ድመት ይዞታል። ካርድ አይነክስም» አሉ።

«እሺ፣ ከጣለው በኋላ ይወራጭ የለ እንዴ?»

«ይወራጫል፤ ለደቂቃዎች።»

«እንግዲያው እየተወራጨ ሪሌው ላይ ወደቀ።» ያሸነፍኩ መስሎኝ ፎርሙን ጠጋ አደረግኩላቸው።

«ቆይ። የሚያወራጨው ማነው? እንሽላሊቱማ ሄዷል። ጭራው ውስጥ የቀረው ሕብለ ሰረሰር ነው፤ ከጭንቅላት ትእዛዝ አይጠብቅም። ውልህ ደግሞ ‹የእንስሳት መግባት› ነው የሚለው። የገባው እንስሳ ነው ወይስ ጭራ?»

ለዚህ እስካሁን መልስ የለኝም። ማታ ማታ ጋደም ስል አንዳንድ ጥሩ ጥሩ መልሶች ይመጡልኛል። ግን እኮ ካርዱን ያየሁት እኔ ነኝ! የከሰለው ልክ ጭራው ባረፈበት ላይ ነበር።

ኃላፊዬ ጋ ደወልኩ። አውትዶር በዓይኑ ካየ የቆየ ሰው ነው። «ቀይርላቸውና ገላግለኝ» አለ። ዋናው ቢሮ ሲጠይቀው ግን «ቴክኒሽያኑ በራሱ ፈቃድ የቀየረው ነው» ብሎ ጻፈ። የደብዳቤው ቅጂ እጄ ላይ ነው።

በንዴት ስለ ጭራ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አቡዳቢ ተመራማሪዎች በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ። መሰበሪያው ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ አናታቸው እንጉዳይ የሚመስል ጥቃቅን ምሰሶዎች አሉ። ጭራውን ቀጥ አድርገህ ስትስበው ይይዛሉ፤ ወደ ጎን ሲታጠፍ ግን በቀላሉ ይለቃሉ። ይሄ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ስንቱን አልነቀል ያለ ሶኬት ነቅነቅ አድርጌ ነው የማወጣው። ከሰውዬው ጋር ስንከራከር ይህቺን ባውቅ ኖሮ ቢያንስ ዝም አልልም ነበር።

የዚያን ቀን ነገር ግን ካርዱን ቀይሬም አላለቀም። አሮጌውን ይዤ ልወጣ ስል ኃላፊው የመውጫ ወረቀት ጻፉልኝ። «የተቃጠለ ካርድ፣ 1። የእንሽላሊት ጭራ፣ 1።» ቀልድ ነው ብዬ ሳቅኩ። ፈርመው ማኅተም መቱበት።

በሩ ላይ ዘበኛው ቦርሳዬን ፈተሸ። «ካርዱ አለ። ጭራውስ?»

«ጠረግኩት እኮ።»

«ወረቀቱ ላይ 1 ይላል። ወይ አምጣው፣ ወይ አሰርዘህ ና።»

ንብረት ክፍል ለምሳ ተዘግቷል። ድሬ ላይ ደግሞ ምሳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ተመልሼ አውትዶሩ ሥር ተንበረከክኩና አገኘሁት። ኪሴ ውስጥ ከካቻቪቴ ጋር ሲጋጭ ጫፉ ተሰብሯል።

ዘበኛው መዳፉ ላይ አድርጎ አገላብጦ አየው።

«ጎደሎ ነው» አለኝ።