አውራ ጣቴ የደነዘዘ ሰሞን

ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። ማስታወሻዬን እከፍትና ሌላ ነገር ጽፌ እዘጋዋለሁ። ዛሬ ግን ልጻፈው። በር ተዘግቶ በእኔና በባለቤቴ መካከል ስለሚሆን ነገር ነው። በጨርቅ፣ በፍቅርና በፈቃድ ስለ መታሰር።

የጀመርነው በሻርፕ ነው። ነገሩ በልቤ ከኖረ ቆይቷል። ወደ አፌ ለማምጣት ግን ዓመታት ፈጀብኝ። አንድ ማታ መብራቱ ከጠፋ በኋላ፣ ፊቴን ደረቱ ውስጥ ቀብሬ፣ "እጄን አስረህ ብታቅፈኝስ?" አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ "እሺ። ካመመሽ ግን ንገሪኝ" አለኝ።

ንገሪኝ ብሎኝ ነበር። ይሄን ቀድሜ የምጽፈው ጥፋቱ የእሱ እንዳይመስል ነው።

ሻርፑ ሐር ነው። ጉንጬ ላይ ሳሳልፈው ውኃ ውኃ ይላል። እንዲህ ያለ ለስላሳ ነገር ይጎዳል ብሎ ማን ያስባል? ሁለቱን እጆቼን አንድ ላይ አስሮ ከአልጋው ራስጌ ጋር ቋጠረው። መጀመሪያ ያለምኩት ሁሉ ሆነ። ልቤ ደረቴን ሊሰብር ደረሰ። እየቆየ ግን እኔ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ቋጠሮው መጥበቅ ጀመረ። ሐር ያንሸራትታል። ሲጎተት ደግሞ ይሰበሰባል። መዳፍ የሚያህለው ጨርቅ ተጠቅልሎ እንደ ገመድ ይቀጥናል። ከቀጠነ በኋላ ጫናው በሙሉ አንድ መስመር ላይ ያርፋል። የግራ እጄ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣቴ በኩል፣ ጉንዳን የሚሄድብኝ ይመስል ወረረኝ።

ዝም አልኩ።

ያን ዝምታ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ለምን ዝም አልኩ? ዓመታት ፈጅቶብኝ የጠየቅኩትን ነገር ራሴ ላበላሸው አልፈለግኩም። እሱም ደስ ብሎታል። ደግሞም መቻል ልማዴ ነው። "ትንሽ ልታገሠው፣ ያልፋል" አልኩ በልቤ። መንዘሩ አልቆ መደንዘዝ ሲጀምር እንኳ "ተሻለኝ" ብዬ አሰብኩ። የከፋው እሱ መሆኑን አላወቅኩም።

ሊፈታኝ ሲል ቋጠሮው እምቢ አለ። በጥፍሩ ሞከረ፣ በጥርሱ ሞከረ። መቀሱ ወጥ ቤት ነው። እሱ በሩጫ ሄዶ መሳቢያ ሲያተራምስ እኔ ብቻዬን ጣሪያውን እያየሁ ቀረሁ። ያቺ ደቂቃ ረዘመችብኝ። ተመልሶ ሲመጣ የያዘው ጫፉ የሾለ ትልቅ መቀስ ነው፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሻርፑን ቆረጠው። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ እጄን በሁለት እጁ ይዞ ቀረ።

ቅላቱ ሌሊቱን ጠፋ። የአውራ ጣቴ ጀርባ ግን ደንዝዞ ቀረ። ስነካው የሌላ ሰው ቆዳ ይመስለኛል። በ3ኛው ቀን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ጣቴን እያገላበጠ "የሰዓት ማሰሪያ አጥብቀሽ ነበር?" አለኝ። "አዎ" አልኩ። ዋሸሁ። እዚያ ቦታ ላይ ነርቩ ከቆዳ ሥር በአጥንቱ ላይ ስለሚያልፍ በቀላሉ ይጨፈለቃል፣ ብዙውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ይመለሳል አለኝ። ከ9 ቀን በኋላ ተመለሰልኝ። አዎ ያልኩበት ውሸት ግን ቆረቆረኝ። ለባሌም ዋሽቻለሁ፣ ለሐኪሙም ዋሽቻለሁ። የምዋሸው ደግሞ ሁልጊዜ ስለሚያመኝ ነገር ነው።

በዚያ ሰሞን ሁለታችንም ማንበብ ጀመርን። እኔ መጀመሪያ የፈለግኩት ሌላ ነገር ነበር፤ "ጤነኛ ነኝ ወይ?" የሚለውን። በፈረንጆቹ 2022 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ዝርዝር፣ በአዋቂዎች መካከል በፈቃድ የሚሆንን እንዲህ ያለ ፍላጎት ከሕመም አይቆጥረውም። ያን ሳነብ አለቀስኩ። ስንት ዓመት በራሴ ላይ ስፈርድ ኖሬያለሁ።

እሱ ያነበበው ስለ ነርቭ ነው። አንድ ቀን አጠገቤ ተቀምጦ በጣቱ እጄ ላይ ካርታ ሳለልኝ። እዚህ አንጓው ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል። እዚህ ክርኑ ላይ፣ በውስጥ በኩል፤ ስንጋጭ ትንሿ ጣታችን ድረስ የሚነዝረን ቦታ። እዚህ ላይኛው ክንድ ላይ፣ ነርቩ ከኋላ ዞሮ በሚመጣበት። እሱ ሲጨፈለቅ እጅ ከአንጓው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ወደ ላይ ማንሳት አይቻልም። እግር ላይ ደግሞ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ያለችው ትንሽ የአጥንት እብጠት። እነዚህ ቦታዎች ላይ ማሰሪያ አይውልም፣ ክብደትም አይጫንም።

አንድ ነገር ሁለታችንንም አስደነገጠን። እሱ ያን ማታ ዝም ብሎ አላለፈኝም። ጣቶቼን እያየ ነበር። አልጠቆሩም፣ አልቀዘቀዙም፤ ስለዚህ ደህና ናት ብሎ አሰበ። ቀለምና ቅዝቃዜ ግን የሚናገሩት ስለ ደም ብቻ ነው። ነርቭ እየተጎዳ ጣት ሞቅ ብሎ፣ መልኩም ሳይለወጥ ሊቆይ ይችላል። መንዘርና መደንዘዙን ከውጭ የሚያይ ዓይን የለም። የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የእኔ መናገር ከሌለ እሱ ዕውር ነው።

ሻርፑን ጣልነው። ሌላ ማሰሪያ አመጣን። ስፋቱ 5 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ ውጩ ጥጥ፣ ውስጡ ስስ ስፖንጅ። የሚዘጋው በቬልክሮ ነው፤ ሲጫኑት የሚጣበቅ፣ ሲስቡት የሚላጥ ጨርቅ። መጀመሪያ ሳየው ቅር አለኝ። ሻርፑ ውበት ነበረው፤ ይሄ የሕክምና ዕቃ ይመስላል። እጄ ላይ ሲውል ግን ልዩነቱ ገባኝ። የሰው መዳፍ አንጓዬን የያዘኝ ያህል ነው። ስጎትተው ጫናው በስፋቱ ሁሉ ይከፋፈላል እንጂ አንድ ቦታ ላይ አይቆርጠኝም። ብጎትትም አይጠብቅም። ለመፍታት ጫፉን ይዞ መላጥ ነው፤ ጭርርር ይላል፣ አለቀ። ያን ድምፅ ወድጄዋለሁ። በሰከንድ ነፃ እንደምሆን ስለማውቅ ነው ራሴን የምለቀው።

ከማሰሪያው የሚወጣው ጥብጣብ በፍራሹ ሥር ያልፋል። እጆቼ ከራሴ በላይ አይሰቀሉም፤ ወደ ጎን፣ ክርኔ ትንሽ እጥፍ ብሎ። ሲያስረኝ ሁልጊዜ ሁለት ጣቱን በማሰሪያውና በቆዳዬ መካከል ያስገባል። ካልገቡለት ያላላዋል። በየመሀሉ "ጣቶችሽን ዘርጊልኝ፣ አሁን እጅሽን ወደ ኋላ እጠፊልኝ፣ ጨብጪኝ" ይለኛል። መጀመሪያ ነገሩን ያቀዘቅዘዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። አሁን "ጨብጪኝ" ሲለኝ ከሌላው ሁሉ በላይ ደስ የሚለኝ እሱ ነው። ሩብ ሰዓት ገደማ ሲሆን እንፈታለን፤ ካሻን እንደገና እንጀምራለን። መጠጥ የቀመስን ቀን አንነካውም። አንገት ላይ ምንም ነገር አይታሰርም፤ ይሄ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም። እጄ ታስሮ እሱ ከክፍሉ አይወጣም፣ ለውኃ እንኳ። መብራቱ ሥር ጫፉ ደፍን የሆነ፣ ቆዳ የማይወጋ መቀስ አለ። እስካሁን አልተጠቀምንበትም። ግን እዚያ አለ።

ከሁሉ የከበደኝ ማሰሪያው አልነበረም። "አቁም" የሚያሰኘው ቃል ነው የከበደኝ።

"ተው" እንዳይሆን ተስማማን፤ በጨዋታ መሀል ሰው ሳያስበው "ተው" ይላል። እንደ ትራፊክ መብራት አደረግነው። አረንጓዴ ቀጥል፣ ቢጫ ቀስ በልና አስተካክል፣ ቀይ አሁኑኑ ፍታኝ። አፌ መናገር በማይችልበት ጊዜ የቁልፍ ስብስብ በእጄ እይዛለሁ፤ ከጣልኩት ያበቃል። ባለቤቴ ግን ይሄ አልበቃውም። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ልብሳችንን ለብሰን ሶፋ ላይ ተቀምጠን፣ "እስቲ ቀይ በይ" አለኝ። ዝም አልኩ። "በይ እንጂ።" ፊቴ ጋለ። አንዲት ቃል ናት፤ ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረች። ቀይ ማለት እሱን መክሰስ መሰለኝ። በሹክሹክታ አልኩት። "አልሰማሁም።" ጮክ ብዬ አልኩት። አሥር ጊዜ አስባለኝ። በየጊዜው ደግሞ እጄን ይለቅና ግንባሬን ይስመኛል። በስተመጨረሻ ድምፄ የራሴ ድምፅ ሆነ።

የምር ያመንኩት ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ትከሻዬ ቆረጠመኝ። የድሮዋ እኔ "ልታገሠው" ልትል ስትነሳ "ቢጫ" የሚለው ቃል ቀድሟት ወጣ። እሱ ወዲያው ቆመ። "የቱ ጋ?" አለ። ጥብጣቡን አላልቶ ክንዴን ዝቅ አደረገው፣ ትከሻዬን አሸልኝ። ፊቱን አላጠቆረም። በረጅሙ አልተነፈሰም። "ጎሽ" አለኝ። በትዳራችን ውስጥ ስላመመኝ ነገር ተናግሬ "ጎሽ" የተባልኩበት የመጀመሪያው ቀን ያ ነው።

ምን ታገኝበታለሽ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር የምመልሰውን አስቤበታለሁ። እጆቼ ቀኑን ሙሉ አያርፉም። ይጽፋሉ፣ ያጥባሉ፣ ያነሳሉ። ፍቅር ላይም እንዲሁ ናቸው። ሲያቅፈኝ ወዲያው አቅፋለሁ፤ ሲደባብሰኝ እደባብሳለሁ። ደስ ስላለኝ ብቻ አይደለም። የተሰጠኝን ቶሎ ካልመለስኩ ዕዳ ያለብኝ ይመስለኛል። ማሰሪያው ያን ዕዳ ያነሳልኛል። እጄ ስለማይደርስ መመለስ አልችልም። መቀበል ብቻ ይቀረኛል። መጀመሪያ ላይ መቀበል ጨነቀኝ፤ ሰውነቴ ድርቅ ብሎ ቀረ። ከዚያ አንድ ማታ፣ የትኛዋ ቅጽበት እንደሆነች ሳላውቅ፣ ትከሻዬ ወደ ፍራሹ ሰጠመ። እስትንፋሴ እስከ ሆዴ ወረደ። እንዲያ ያለ ዕረፍት በሕይወቴ አላውቅም።

አንድ ቀን "ዛሬ አልፈልግም" አልኩት፤ ማሰሪያውን ከመሳቢያው አውጥቶ ነበር። መልሶ ከተተውና ተቃቅፈን ተኛን። ባለፈው እሺ ማለቴ ለዛሬ አይሠራም። ይሄን የማይገባው ሰው እጅ ላይ ይህ ነገር በፍጹም መግባት የለበትም። ያለ ፈቃድ የታሰረች ሴት ታሪክ ሌላ ታሪክ ነው፤ ስሙም ሌላ ነው።

በቅርቡ ደግሞ እሱ ጠየቀኝ። እንደ እኔው መብራቱ ከጠፋ በኋላ። አሰርኩት። ያኔ ነው እሱ ስንት ነገር ሲጠብቅ እንደኖረ የገባኝ። ዓይኔን ከጣቶቹ ላይ መንቀል አልቻልኩም። በየደቂቃው "ደህና ነህ?" እላለሁ። ሁለት ጣቴን አስገባሁ፣ ደግሜ አስገባሁ። መሀል ላይ እንባው በጆሮው በኩል ወረደ። ደንግጬ ልፈታው ስል "አረንጓዴ" አለኝ። "አረንጓዴ ነው፣ አትፍቺኝ።" ምን እንዳስለቀሰው ያን ማታ አልጠየቅኩትም። ስፈታው በብርድ ልብስ ጠቅልዬው፣ ውኃ አጠጥቼው፣ አንጓዎቹን እያሸሁ ቆየን። በማግስቱ ራሱ ነገረኝ። የነገረኝ ለእኔ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም።

በማግስቱ መጠየቅን ልማድ አድርገነዋል። አንዳንዴ ማታ ደስ ብሎን የተኛን ሰዎች ጠዋት ያለ ምክንያት ሆድ ይብሰናል። ሰውነት ከዚያ ሁሉ ግለት ሲወርድ ይከሰታል። "እንዴት ነሽ?" የምትል ጥያቄና ረዘም ያለ እቅፍ ያስፈልጋል።

ዛሬ ጠዋት ማሰሪያዎቹን አጠብኩ። ቬልክሮው ተዘግቶ ካልታጠበ የሻካራው ጎን ክርና ፀጉር ይለቅምና መያዝ ያቆማል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አንድ በአንድ አጸዳሁት። ጥላ ውስጥ ሰቀልኳቸው። ከዚያ ወደ ሥራ ለመውጣት ሰዓቴን ሳስር ባለቤቴ ከኋላዬ መጣ። እጄን ያዘና ሁለት ጣቱን በሰዓቴ ማሰሪያ ሥር ለማስገባት ሞከረ። አልገቡም።

"ጠብቋል" አለኝ።

አንድ ቀዳዳ ለቀቅኩት።